ሊዲትሴ የሟቾቿን ስም ጽፋለች፤ ደሴስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ደሴ ታሪካዊ ቦታዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። አይጠየፍ አዳራሽ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት፣ ሙዚየሙ፣ ሁሉም ተነስቷል። ንጉሥ ሚካኤልም የሚገባቸውን ክብር አግኝተዋል። አንድ ነገር ግን ጎደለኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የሞተው ተራ ሰው የለበትም። «ብዙ ሕዝብ አለቀ» ተብሎ በአንድ መስመር ታልፏል።

ብዙ ሕዝብ ማለት ማን ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ቤቱ በየትኛው ሰፈር ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ ነው የምጽፍላችሁ። ጥያቄውን የጫረችብኝ ደግሞ አንዲት ትንሽ የቼክ መንደር ናት። ስሟ ሊዲትሴ ይባላል። ታሪኳን ብነግራችሁ የምለው ነገር ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን ኮምቦልቻ፣ በሽመና ማሽን ጥገና ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ቼኮዝሎቫኪያ ተላክሁ። የተማርኩት ሊቤሬትስ ነው። ሊቤሬትስ ከየሽቴድ ተራራ ሥር ያለች የጨርቃጨርቅ ከተማ ናት። ጦሳን እያየ ላደገ ልጅ ከተራራ ሥር መኖር አይከብድም። ብርዱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከቼኮች ጋር ያለን ትውውቅ እንኳ ከዚያ ይቀድማል። በማይጨው ዘመን አዶልፍ ፓርለሳክ የሚባል የቼክ መኮንን በሰሜን ጦር ግንባር ከራስ ካሳ ጦር ጋር ነበር። ያየውን ጽፎ ትቶልናል። በአማርኛም ተተርጉሞ ብዙ ሰው አንብቦታል። ባዕድ ሰው ያን ያህል ከጻፈልን፣ የራሳችንን ሟቾች ስም መጻፍ እንዴት ያቅተናል?

ወደ ሊዲትሴ ልመለስ። መንደሯ ከፕራግ በስተሰሜን ምዕራብ ናት። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ከደሴ ኮምቦልቻ እንደማለት ነው። ስሟ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1318 ነው። ለብዙ መቶ ዓመት የገበሬ መንደር ነበረች። በኋላ አጠገቧ ባለችው ክላድኖ የድንጋይ ከሰል ማውጫና የብረት ፋብሪካ ሲከፈት፣ ወንዶቹ ለሥራ ወደዚያ ይመላለሱ ጀመር። ነዋሪዋ 500 ያህል ነበር። የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ኩሬ፣ በመሀል የሚያልፍ ጅረት፣ የሆራክ ቤተሰብ የእርሻ ግቢ። ያላት ይኸው ነው። በየአገሩ በሺህ የሚቆጠሩ እንደሷ ያሉ መንደሮች አሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቼኮችን ይገዛ የነበረው የናዚ ሹም ራይንሃርት ሃይድሪሽ ነበር። ጭካኔው የታወቀ ነው። ከእንግሊዝ አገር በጃንጥላ የወረዱ ሁለት ወጣቶች፣ ስሎቫኩ ዮዜፍ ጋብቺክና ቼኩ ያን ኩቢሽ፣ ግንቦት 19 ቀን 1934 ዓ.ም. ፕራግ ውስጥ መኪናው ላይ አደጋ ጣሉበት። የጋብቺክ መሣሪያ አልተኩስ አለ። ኩቢሽ ቦምብ ወረወረ። ሃይድሪሽ ቆስሎ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 27 ቀን ሞተ።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ትዝ እንደሚሉት አውቃለሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ። የተረሸነው የአዲስ አበባ ሕዝብ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት፣ እጃቸው አለበት ተብለው ታረዱ። ሊዲትሴም የጠፋችው በዚሁ ዓይነት ክስ ነው። ከመንደሯ የሁለት ቤተሰብ ልጆች፣ የሆራክና የስትርሽብርኒ ልጆች፣ ወደ እንግሊዝ ሄደው ከቼኮዝሎቫኪያ ጦር ጋር ነበሩ። ጌስታፖ የሚባለው የናዚ ምሥጢር ፖሊስ እጅ የገባ አንድ የሚያጠራጥር ደብዳቤም ነበር። መንደሯ ተፈተሸች። መሣሪያ አልተገኘም፣ ከገዳዮቹ ጋር የሚያገናኝ ነገርም አልተገኘም። ሂትለር ግን የሃይድሪሽ ቀብር በተፈጸመበት ቀን ትእዛዙን ሰጠ።

ሰኔ 2 ለ3 አጥቢያ 1934 ዓ.ም. ወታደሮች መንደሯን ከበቡ። በእኛ ቤት ጣሊያን ከተባረረ፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ዓመት ከወር ሆኖት ነበር። እኛ እፎይ ባልንበት ጊዜ እነሱ እሳት ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች ወደ ሆራክ የእርሻ ግቢ ተነዱ። ከየቤቱ ፍራሽ ተሰብስቦ በግድግዳው ላይ ተደገፈ። ጥይቱ ነጥሮ ተኳሾቹን እንዳይመታ ነው። መጀመሪያ አምስት አምስት፣ በኋላ አሥር አሥር እያደረጉ ረሸኗቸው። በዚያች ቀን ብቻ 173 ወንዶች ተገደሉ። የሌሊት ፈረቃ ገብተው የነበሩ ማዕድን ቆፋሪዎች እንኳ አልተረፉም፣ ተይዘው ፕራግ ላይ ተረሸኑ።

የመንደሩ ቄስ ዮዜፍ ሽቴምበርካ የ73 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። እንዲወጡ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር ይባላል። ከምእመናኔ አልለይም ብለው አብረው ሞቱ።

ሴቶቹና ልጆቹ ወደ ክላድኖ ተወስደው በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ታጎሩ። ከቀናት በኋላ ልጆቹን ከእናቶቻቸው ነጠሏቸው። ሴቶቹ ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የማጎሪያ ካምፕ ሄዱ። ልጆቹ ወደ ፖላንድ ተጫኑ። ጥቂቶቹ መልካቸው ታይቶ ለጀርመን ቤተሰብ ተሰጡ። 82ቱ ግን ኬልምኖ በተባለ ቦታ በጋዝ ታፍነው ተገደሉ። እናቶቹ ይህን አያውቁም ነበር። ጦርነቱ እስኪያልቅ፣ ልጆቻችን አንድ ቦታ አሉ ብለው ያስቡ ነበር። በጠቅላላው ከሊዲትሴ 340 ሰው አለቀ።

ሰው መግደሉ አልበቃ አላቸውም። ቤቶቹን አቃጠሉ፣ የቀረውን በፈንጂ አፈረሱ። ቤተ ክርስቲያኑን አፈነዱ። መቃብሩን ቆፍረው አጥንት አወጡ። ኩሬውን ደፈኑ፣ ጅረቱን በሌላ በኩል አስኬዱት። መንገዱን አጠፉ። ስሟ ከካርታ እንዲፋቅ አደረጉ። ይህንንም ሁሉ በፊልም ቀረጹ። ያ ፊልም በኋላ የናዚ ሹማምንት በተዳኙበት በኑረምበርግ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው።

ወንጀሉን ግን አልደበቁትም፣ በአዋጅ ነገሩት። ዓለም ሰማ። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ሰፈር በዚያው ክረምት ስሙን ሊዲትሴ አለ። ሜክሲኮ፣ ፓናማና ቬንዙዌላም በስሟ የሚጠሩ ሰፈሮች አሏቸው። የተወለዱ ሴት ልጆቻቸውን ሊዲትሴ ያሉ ወላጆችም ነበሩ። እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ኦን ትሬንት በምትባል የሸክላና የከሰል ከተማ፣ ዶክተር ባርኔት ስትሮስ የሚባሉ ሐኪም የማዕድን ሠራተኞችን አስተባብረው «ሊዲትሴ ትኖራለች» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ዘመቻው የተጀመረው መንደሯ በጠፋች በሦስት ወር ውስጥ፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ነው። ከሰል የሚቆፍር ሰው ከደሞዙ እየቆረጠ፣ አይቶት ለማያውቀው መንደር ያዋጣ ነበር። ይህ ነገር ዛሬም ሳስበው ልቤን ይነካኛል። እኔም ደሞዝ ተቆርጦ ምን እንደሚቀር የማውቅ ሠራተኛ ነበርኩ።

ከካምፕ የተመለሱት ሴቶች 143 ናቸው። ልጆች 17 ብቻ። አዲሷ ሊዲትሴ ከድሮው ቦታ ትንሽ ራቅ ብላ እ.ኤ.አ. በ1947 መሠረት ተጣለላት። በድሮው ቦታ ላይ ግን ማንም ቤት እንዳይሠራ ተደረገ። ሜዳ ሆኖ ቀረ።

እኔ የሄድኩት በዚያ ሜዳ ላይ ነው። ከየአገሩ የመጣን ተማሪዎች ነበርን፣ ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ ወሰደን። አስቀድመን ፕራግ ውስጥ የቅዱሳን ቄርሎስና ሜቶድዮስን ቤተ ክርስቲያን አየን። ኦርቶዶክስ ነው። ጋብቺክና ኩቢሽ ከጓዶቻቸው ጋር ከምድር ቤቱ ተደብቀው የነበረው እዚያ ነው። ሲከበቡ ተዋግተው፣ አንዳቸውም እጅ ሳይሰጡ ሞቱ። የቤተ ክርስቲያኑ ጳጳስ ጎራዝድም በኋላ ተረሸኑ። የምድር ቤቱ መስኮት ዙሪያ ጥይት የበሳሳው ድንጋይ ዛሬም እንዳለ ነው። አልለሰኑትም።

ሊዲትሴ ስንደርስ ፍርስራሽ አያለሁ ብዬ ነበር። አረንጓዴ ሸለቆ ነው የጠበቀን። ሣሩ የታጨደ፣ ጅረቱ በመሀል የሚወርድ። ከሣሩ መሀል የሆራክ ግቢ መሠረት ይታያል። የቤተ ክርስቲያኑ መሠረትም እንዲሁ። ወንዶቹ የተቀበሩበት ላይ ትልቅ የእንጨት መስቀል ቆሟል። አናቱ ላይ እንደ እሾህ አክሊል የታጠፈ የአጥር ሽቦ አለበት። ከሁሉ የተረፈ፣ ፒር የሚባል አንድ የፍራፍሬ ዛፍ አለ። ከነበረው ሁሉ ያልሞተ እሱ ነው ብለው አሳዩን።

ያን ጊዜ ከካምፕ የተመለሱ ሴቶች ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ። አንዲት አሮጊት መጡና ከእኛ ጋር በሣሩ ላይ ሄዱ። ነጭ ሻሽ ቢያስሩ ኖሮ የሰፈሬን አሮጊቶች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ሣር ብቻ ነው፣ ምልክት የለውም። «በራችን እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማዶ የጉድጓድ ውሃቸው የነበረበትን ሊያሳዩን ፈለጉ። ቀጥ ብለው መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም። ዞር ብለው፣ በር በነበረበት በኩል ገብተው፣ በጓሮ በኩል ወጡ። ግድግዳው በነበረበት ላይ አልረገጡም። ከእኛ መሀል ይህን ያየ ሁሉ ዝም አለ።

የሴትዮዋ ቤት ቁጥር ነበረው። የጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን የት እንደሞተ ተጽፎ ተቀምጧል። ናዚዎች ከካርታ ያጠፏትን መንደር እነዚያ ሴቶች ከትዝታቸው እያወጡ መልሰው ጻፏት ማለት ነው።

በእኔ ጊዜ የጽጌረዳው አትክልት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተ ነው፣ የዶክተር ስትሮስ ሐሳብ ነው። ከብዙ አገር የተላከ ከ20 ሺህ በላይ ጽጌረዳ ተተክሎበታል። ሰኔ ነበርና ሁሉም አብቦ ነበር። የልጆቹ ሐውልት ግን ገና አልቆመም።

እሱን ያየሁት ዘንድሮ በስልክ ነው። ጀርመን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሄዳ፣ በቪዲዮ እየደወለች አሳየችኝ። ማሪ ኡኺቲሎቫ የምትባል የቼክ ቀራፂ ናት የሠራችው። ሥራውን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። 82ቱንም ልጆች፣ 42 ሴትና 40 ወንድ፣ አንድ በአንድ ልትቀርጽ ተነሳች። ከሞት የተመለሱ እናቶችን እየፈለገች አነጋገረች፣ ፎቶ ለመነች። ሃያ ዓመት ፈጀባት። በጄሶ ጨርሳ፣ ነሐስ ሆኖ ሳታይ እ.ኤ.አ. በ1989 አረፈች። ባሏ ተረከበ። የመጨረሻዎቹ ልጆች የቆሙት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

የእህቴ ልጅ ስልኩን ወደ ልጆቹ አስጠጋችልኝ። ትላልቆቹ ትናንሾቹን ይዘዋል። ሁሉም ወደ ሸለቆው፣ ቤታቸው ወደነበረበት ያያሉ። ከእግራቸው ሥር ሰው ያስቀመጠው አሻንጉሊት፣ መኪና፣ ከረሜላ አለ። አንዷ ልጅ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋለች። «አጎቴ፣ ይህችን አየሃት?» አለችኝ። አይቻታለሁ። ሥራውን የጀመረችው ሴት ያን ሁሉ ዓመት ለምን እንደፈጀባት ገባኝ። በጅምላ አልሠራቻቸውማ። እያንዳንዷ ልጅ የራሷ ፊት አላት።

ለዣኪ የምትባል ሌላ የቼክ ሠፈርም አለች። ከሊዲትሴም ታንሳለች። በጃንጥላ የወረዱት ሰዎች ሬዲዮ ተገኘባት ተብሎ ሰኔ 17 ቀን 1934 ዓ.ም. ጠፋች። እሷ መልሳ አልተሠራችም። ግን እያንዳንዱ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ቆሟል።

አሁን ወደ ደሴ እንምጣ።

ጃንሆይ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ ይዘው የገቡት ከቦምቡ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓርብ ጠዋት አውሮፕላኖቹ መጡ። የሚፈነዳ ብቻ ሳይሆን የሚያቃጥል ቦምብም ጣሉ። ያን ጊዜ የደሴ ቤት አብዛኛው የሣር ክዳን ነበር። አንዱ ሲያያዝ ጎረቤቱን ይዞ ይነድዳል። የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ጣሪያው ላይ ቀይ መስቀል ነበረው። ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶ ከዚያ ቀን ነው። ፎቶው በዓለም ጋዜጦች ዞሯል። ደሴ ውስጥ ዛሬም ያልሰቀለው ቤት ጥቂት ነው። እኔም ሳሎኔ ውስጥ አለኝ፣ እወደዋለሁ።

ግን ያ ፎቶ ሲነሳ ከታች፣ በሣር ቤቶቹ መሀል ማን እየሞተ ነበር? ይህን የሚነግረን ፎቶ የለንም። ስም ዝርዝር የተቀረጸበት ድንጋይም በከተማው ውስጥ አይቼ አላውቅም።

በእኛ ቤት የአባቴ ታናሽ እህት ሞታለች። ሕፃን ነበረች። አባቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበር፣ እጇን ይዞ ወደ ገደሉ በኩል ይሮጥ ነበር። እናትየው ከኋላ ነበረች። ቦምቡ ሲወድቅ ወደቁ። አባቴ ተነሳ፣ እህቱ አልተነሳችም። ይህን የነገረኝ ጎልማሳ ሆኜ ነው እንጂ በልጅነቴ አያወራም ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ግን ቡና ያስፈላ ነበር። ዕጣን ይጨሳል፣ በርጩማ ይደረደራል፣ ሽማግሌዎች መጥተው ዱአ ያደርጋሉ። እናቴ ክርስቲያን ነበረች። እሷም በበኩሏ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትልካለች። ወሎ ነውና ይህ አዲስ አይደለም። የምትታሰበዋ ሕፃን አንድ ናት።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። መጀመሪያ ዘመዶቼን ማማከር አለብኝ። ለሚመዘግብ ሰው ግን ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ዛሬውኑ እሰጣለሁ። ቦታው አሁን ፎቅ ተሠርቶበታል። ፎቁ ይፍረስ አልልም፣ ከተማ ማደግ አለበት። ግን ከግድግዳው ላይ የክንድ ያህል እብነ በረድ ማን ይከለክላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ በማመልከቻ ጽፌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የተቀበለኝ ልጅ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ሰነድ አለዎት?» አለኝ። ሰነድ የለኝም፣ አባቴ የነገረኝ አለኝ አልኩት። «ያለ ሰነድ ያስቸግራል፣ በጀትም አልተያዘም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ተመላለስኩ፣ መልስ የለም። ልጁን አልወቅሰውም። ግን ሰነዱ ማን ነው? ሰነዱ እኮ እነዚያን ነገሮች ከአባትና ከእናታቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱም በየወሩ እየተቀበሩ ነው። ባለፈው ዓመት በእድራችን ውስጥ ከቀበርናቸው ሰዎች አንዱ የሸዋ በርን የድሮ ቤቶች በስም እየጠራ የሚቆጥር ሰው ነበር። ያ ሁሉ አብሮት ገባ።

የሊዲትሴ ሴቶች ከካምፕ ሲመለሱ ሰነድ አልነበራቸውም። ቤታቸው ሁሉ ተቃጥሏል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ፈርሷል። ተቀምጠው ተነጋገሩ። «ከእናንተ ቀጥሎ ማን ነበር? ከዚያስ?» እየተባባሉ መንደሩን መልሰው ሞሉት። እኛም ማድረግ እንችላለን።

እንዴት? እኔ እንዲህ አስባለሁ። ለአንድ ሟች አንድ ገጽ ይበቃል። ስም፣ የአባት ስም፣ በግምት ዕድሜ፣ የነበሩበት ሰፈር፣ ነገሩን የተናገረው ሰው ማንነት፣ ከማን እንደሰማ። በእርግጥ የሚታወቀውና «ሲባል ሰምቻለሁ» የሚባለው ተለይቶ ይጻፍ። እንዲህ ካልተደረገ በኋላ ሰው አያምነውም። ይህን ለመሰብሰብ እድሮች ከማንም ይሻላሉ። የመድኃኔ ዓለምም የሌሎቹም አድባራት ካህናት፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች፣ የአረብ ገንዳ የድሮ ነጋዴ ቤተሰቦች፣ የሆጤና የሳላይሽ አዛውንቶች ይጠየቁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ እዚህ አለላቸው። ድምፅ መቅጃ በየኪሳቸው ነው።

ኮምቦልቻም አትቅር። ከደሴ ሸሽቶ ወደ ቆላው የወረደ ሕዝብ ነበር። በቦርከና ዳር ያሉ ሽማግሌዎች ወላጆቻቸው ማንን እንዳስጠጉ ይናገራሉ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ፈራ። «የሟች ስም ዝርዝር ቂም ያስነሳል። የ1928ቱን ስታነሳ የ2014ቱም ይነሳል» አለኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ አይተዋል። እኔም ጎረቤት ቀብሬአለሁ። ግን ስም ሳይጻፍ ሲቀር ቂሙ ይቀራል እንዴ? አይቀርም። ቁጥሩ እንደ ተናጋሪው ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ወሬ ይሆናል። የተጻፈ ስም ግን አንድ ሰው ነው፣ ማንም እንደፈለገ አያበዛውም፣ አያሳንሰውም። ሊዲትሴን ካየሁ በኋላ በዚህ ነገር አልጠራጠርም። እዚያ ከመቃብሩ አጠገብ ጽጌረዳ ተተክሏል። ከመላው ዓለም የሚመጡ የልጆች ሥዕሎችም ይታያሉ።

ይህን የሥዕል ነገር ለመምህራን ልንገራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሊዲትሴ ስም የልጆች ሥዕል ውድድርና ዐውደ ርዕይ አለ። የተጀመረው የሞቱትን ልጆች ለማሰብ ነው። መጀመሪያ የአገሬው ልጆች ነበሩ፣ በኋላ ከየአገሩ ይላክ ጀመር። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ጦሳን፣ ሰኞ ገበያን፣ የቦርከናን ድልድይ ስለው ቢልኩ ምን ያምር ነበር። ሥዕል የሚያስተምር መምህር ይህን ቢያነብ ሥራውን እንዲይዝልኝ እለምነዋለሁ። ወጪው የፖስታ ነው።

ከድንጋዩ በፊት መዝገቡ ይቅደም። ድንጋይ ገንዘብ ይፈልጋል፣ መዝገብ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ድንጋዩም ቢሆንልኝ ግን አንድ ትልቅ ሐውልት አይደለም የምፈልገው። በየሰፈሩ፣ ሰው በሞተበት ቦታ፣ ትንሽ ትንሽ ሰሌዳ ይሁን። ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው በእግሩ እያለፈ የሚያነበው። ለዣኪ ያሉት ድንጋዮች እንዲያ ናቸው።

አንድ ገጽ ቅጽ በእጄ አዘጋጅቻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ቦታ ከተረፋችሁ አትሙልኝ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዛውንቶች ካሉ ቤታቸው ሄጄ ልጽፍላቸው ዝግጁ ነኝ፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ኩታበርም ይሁን ሐርቡ። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። የሚፈልገኝ ሰው ሲመጣ አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍላችሁ እንዲያገኝ ፈቅጃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ የሽመና ማሽን ቴክኒሻን
ከኮምቦልቻ